የቆየ የአትክልት የመስተዋት ቤት ስለ ማደስና ስለ ማሻሻል

በደጋው አገራችን ባሉ አንዳንድ የቆዩ ግቢዎች ውስጥ፥ ከዋናው ቤት ጓሮ፥ ብረቱ የዛገ፥ መስተዋቱ እኩሌታው የተሰበረ፥ ውስጡን አሮጌ ወንበርና ባዶ ጠርሙስ የሞላው የአትክልት የመስተዋት ቤት ይታያል። ያሠሩት ወላጆች ብርቱካንና ጽጌረዳ፥ ከሩቅ አገርም የመጣ ዘር ያሳድጉበት ነበር። የወረሱት ልጆች ግን በሁለት አሳብ ይከራከራሉ። አንዱ ወገን አፍርሰን ብረቱን እንሽጥ፥ ቦታውንም የመኪና ማቆሚያ እናድርገው ይላል፤ ሌላው ወገን መስተዋት ገዝተን የተሰበረውን ሁሉ እንተካ ይላል። ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ የምንወደው፥ ሁለቱም ወገኖች አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውን ነገር የዘለሉት መሆናቸውን ነው። ይኸውም፥ ይህ ቤት ደኅና በነበረበት ዘመንስ ለአትክልቱ በእውነት ይስማማው ነበርን? የሚለው ጥያቄ ነው።

የመስተዋት ቤት አሠራር ወደ እኛ የመጣው ከቀዝቃዛው ከአውሮፓ ነው። በለንደን ከተማ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአድማስ በላይ ከፍ የምትለው 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያ አገር ሠሪ ብርሃኑን በጎን ለመቀበል ሲል ከመሬት ጀምሮ እስከ ጣሪያ ድረስ መስተዋት ያደርጋል፤ ሙቀቱም እንዳያመልጥበት ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። በአዲስ አበባ ግን በዚያው ወር ፀሐይ በእኩለ ቀን 57 ዲግሪ ያህል ትወጣለች፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ድረስም የቀትር ፀሐይ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። እንግዲህ በእኛ አገር ብርሃን በብዛት የሚገባው በጣሪያ ነው እንጂ በግድግዳ አይደለም። ደግሞም ከተማይቱ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ የሳሳ ነው፤ ቀን ፀሐይዋ ትበረታለች፥ ሌሊት ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ ደግሞ ምድር ሙቀቷን ፈጥና ትለቃለች። በአውሮፓ ልክ የተሠራ የመስተዋት ቤት በኛ ደጋ ላይ ሁለት ተቃራኒ በሽታ የሚያገኘው ስለዚህ ነው፤ ቀን እንደ ምድጃ ይግላል፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ቅዝቃዜው ከውጭው እምብዛም ሳይለይ ይነጋል።

ሙቀቱ እንዴት እንደሚጠራቀም ማወቅ ለሥራው መሠረት ነው። ብዙ ሰው መስተዋት የፀሐይን ሙቀት አስገብቶ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚከለክል ወጥመድ ነው ብሎ ያስባል፤ ይህም በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ውድ በ1909 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው የውጭ አገር ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሁለት ሣጥኖች ወስዶ አንዱን በመስተዋት፥ ሁለተኛውን የሙቀት ጨረር በሚያሳልፍ የማዕድን ጨው ገበታ ከድኖ ፀሐይ ላይ ቢያኖራቸው፥ የሁለቱ ሙቀት ልዩነት እጅግ ጥቂት ሆኖ አገኘው። ከዚህም የሚታየው፥ ቤቱን በዋናነት የሚያሞቀው ነገር በውስጡ የጋለው አየር ወጥቶ በቀዝቃዛ አየር ሊተካ አለመቻሉ ነው።

እዚህ ላይ በየግቢው ሊደርስ የሚችለውን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የአሮጌው ቤት መስተዋት በየቦታው ሲሰበር፥ በውስጡ የቀሩት ተክሎች ከበፊቱ ይልቅ ይለመልማሉ፤ ቀዳዳው ማንም ሳያስበው የመተንፈሻ ሥራ ስለሚሠራ ነው። ባለቤቱ ግን በፍርስራሹ አፍሮ ብዙ ገንዘብ ያወጣና መስተዋቱን ሁሉ ያስተካል፤ በጥቅምት ፀሐይ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቅጠሉ ጠውልጎ ዳር ዳሩ ይቃጠላል። ነቀፌታውም የሚወርደው በአትክልተኛው ላይ ነው፤ ውኃ አላጠጣም ይባላል። እኛ በበኩላችን ያን ሰው ከመውቀስ በፊት ወደ ጣሪያው መስኮት ቀና ብሎ ማየት የሚሻል ይመስለናል።

ስለዚህ የዕድሳቱ መጀመሪያ መስተዋት መግዛት ሳይሆን መተንፈሻውን መክፈት ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን፥ የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት አብሮ የሚመዘግብ የሙቀት መለኪያ ገዝቶ፥ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፥ በተክሎቹ ቁመት ልክ ሰቅሎ ሁለት ሳምንት ያህል በየማለዳው መጻፍ ይጠቅማል። ይህን ሥራ ለልጆች መስጠት መልካም ነው፤ እነርሱ ደስ እያላቸው ይሠሩታል፥ ከአዋቂም ይልቅ አይዘነጉትም። የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፤ እንዲህ ያለውን ቤት ከነመስተዋቱ ጉድለት እንዳለ መድፈን ገንዘብን በእሳት ላይ መጣል ነው።

ከቆዩት ቤቶች ብዙዎቹ በጣሪያው አናት ላይ ወደ ላይ የሚነሡ መስኮቶች፥ ከታችም በመሬቱ አጠገብ ትናንሽ መዝጊያዎች ነበሯቸው። በጊዜ ብዛት የላይኞቹ በቀለም ላይ ቀለም ሲቀቡ ተጣብቀው ይቀራሉ፥ ማጠፊያቸውም ይዝጋል፤ በታችኞቹ ላይ ደግሞ አይጥ እንዳይገባ ተብሎ ቆርቆሮ ይመታባቸዋል። የዛገውን ማጠፊያ በነጭ ጋዝ አርሶ አሳድሮ በዝግታ ማላቀቅ ይገባል፤ እምቢ ካለ በመዶሻ መታገል መስተዋቱንም መቃኑንም ይሰብራልና፥ ቆርጦ ጥሎ በነሐስ ማጠፊያ መተካት ይሻላል። የመስኮቶቹን ስፋት በተመለከተ፥ የላይኞቹ ተደምረው የወለሉን አምስተኛ ወይም ቢያንስ ስድስተኛ ሊያህሉ ይገባል። ለምሳሌ 4 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ቤት ወለሉ 24 ካሬ ሜትር ስለሆነ፥ በጣሪያው ላይ ከ4 እስከ 5 ካሬ ሜትር የሚከፈት ያስፈልገዋል። አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ መስኮት ብቻ ያለው ቤት ከዚህ ልክ እጅግ የራቀ ነው፤ ስለዚህ በዕድሳቱ ጊዜ ተጨማሪ መስኮት ማስከፈት ግድ ነው።

የላይኛው ብቻውንም አይበቃም፤ የሞቀው አየር በአናት የሚወጣው ቀዝቃዛው ከታች ሲገባ ነው። ከላይ ስለ ፀሐይ አካሄድ የተናገርነው ነገር እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ብርሃኑ ከጣሪያ የሚመጣ ከሆነ፥ ከመሬት እስከ ጕልበት ወይም እስከ ወገብ ድረስ ያለው የጎን መስተዋት የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። ያን ክፍል በግንብ ሠርቶ በየመካከሉ የወንፊት ሽቦ የተወጠረባቸው መዝጊያዎች ማድረግ አየሩንም ያስገባል፥ የመስተዋቱንም ወጪ ይቀንሳል። ግንቡ ደግሞ ቀን ሙቀት ይይዝና ሌሊት ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። ማለዳ መክፈትና ማታ መዝጋት ለሚረሳ ቤት፥ በውስጡ ሰም ያለበት ትንሽ የመስኮት ማንሻ አለ፤ ሰሙ ሲሞቅ እየሰፋ ዘንጉን ገፍቶ መስኮቱን ያነሣል፥ ሲቀዘቅዝ ይመልሰዋል፤ የኤሌክትሪክ ኀይል አይፈልግም። ከባድ መስኮት ግን አያነሣምና የመስኮቱን ክብደት አስቀድሞ መመዘን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዐጥንቱ እንምጣ። ብረቱ ከላይ ዝገት ስለ ሸፈነው ብቻ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ በሹል ነገር ወግቶ መፈተን ነው፤ የሚበሳ ከሆነ ያ ቍራጭ ተቆርጦ በአዲስ ይበየዳል። ዝገት ጠንክሮ የሚገኘው ብረቱ ከግንቡ በሚገናኝበት በታችኛው እግሩና ከአሸንዳው ሥር ነው። እንጨት የሆነም እንደ ሆነ የሚበሰብሰው እዚያው ነው፤ ለመተኪያውም ጥድ ከባሕር ዛፍ ይሻላል፥ መበስበስንም ምስጥንም ይችላልና። ብረቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ከተጠረገ በኋላ በዚያው ቀን የመጀመሪያውን የዝገት መከላከያ ቀለም ሊያገኝ ይገባል፤ ራቁቱን ያደረ ብረት በማግስቱ ጤዛ ጠጥቶ ዳግመኛ ዝጓል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። የቆየ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ማዕድን አለበት። በደረቁ ቢፋቅ አቧራው በሳንባ ይገባል፥ በአፈሩም ላይ ይቀራል፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ቀለሙን በውኃ እያረጠቡ መፋቅ፥ ሠራተኛውም አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ማጣሪያ እንዲያደርግ፥ ፍቅፋቂውም በተነጠፈ ሸራ ላይ ተሰብስቦ እንዲወገድ ማድረግ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች ወደዚያ ባይቀርቡ እንመክራለን፤ ከዚያ አፈር ላይ ጎመን ሊበላ የሚያስብ ሰው ደግሞ የላይኛውን አፈር አንሥቶ በአዲስ ይተካ።

እስከዚህ ያነበበ ሰው፥ ይህ ሁሉ ድካም ከማፍረስ ይሻላልን? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በእንግሊዝ አገር የሁለት ታላላቅ የመስተዋት ቤቶች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። የዴቮንሺር መስፍን በቻትስወርዝ ግቢው ውስጥ፥ በ1836 ዓ.ም. የተጀመረ፥ በዘመኑ ወደር ያልተገኘለት የመስተዋት ቤት አሠርቶ ነበር፤ አሠሪው አትክልተኛው ጆሴፍ ፓክስተን ነው፤ ኋላም በ1851 ዓ.ም. ለለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን የመስተዋቱን አዳራሽ የነደፈው እርሱ ነው። የቻትስወርዙ ቤት ግን ሕይወቱ በድንጋይ ከሰል እሳት ላይ የተመሠረተ ነበርና፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሰል ሲጠፋ ተክሎቹ ሞቱ፤ በ1920 ዓ.ም. ቤቱ በፈንጂ ፈረሰ። ኪው በሚባለው የዕፅዋት ገነት ያለው፥ መካከለኛ አየር ለሚወዱ ተክሎች በ1863 ዓ.ም. የተከፈተው ሌላው ቤት ደግሞ በ1899 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ አርጅቶ ዝገት በልቶት በ2013 ዓ.ም. ተዘጋ። ከ69,000 የሚበልጡ ክፍሎቹ ተፈትተው ተጠርገው ወይም ተተክተው፥ 15,000 መስተዋትም ተለውጦለት በ2018 ዓ.ም. ዳግመኛ ተከፈተ። ከሁለቱ የምንማረው፥ የቤትን ዕድሜ የሚወስነው እርጅናው ሳይሆን ለመኖር የሚጠይቀው ዕለታዊ ወጪ መሆኑን ነው። የእኛ ደጋ ከሰል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አየርና ጥላ ነው፥ እነዚህ ደግሞ ርካሽ ናቸው። የብረቱ እግር ከብዙ ቦታ የተበላ ከሆነ ግን አፍርሶ አዲስ መሥራት እንደሚቀል ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ የአባት መታሰቢያ ነው በማለት ብቻ በሰው ላይ ሊወድቅ የተቃረበ ጣሪያ ማቆየት ደግ አይደለም።

ክዳኑን በተመለከተ ዛሬ ሦስት ምርጫ አለ። በሆለታ፥ በሰበታና በዝዋይ አካባቢ ጽጌረዳ ለውጭ አገር የሚያሳድጉ እርሻዎች የሚጠቀሙት በፕላስቲክ ሸራ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ፀሐይ ስለምታደክመው በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ ይለወጣል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ውስጡ ክፍት የሆነ ድርብ ገበታ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በካሬ ሜትር 1.3 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ በረዶን ከመስተዋት ይልቅ ይችላል፥ ሌሊትም ሙቀት ይይዛል፤ ነገር ግን የሚያሳልፈው ብርሃን 80 በመቶ ያህል ነው፥ በዓመታትም ብዛት ቢጫ ይሆናል። የፀሐይ መከላከያ የተቀባው ፊቱ ወደ ውጭ መሆኑን አለማረጋገጥ ሸቀጡን በጥቂት ዓመት ያበላሸዋል። መስተዋት 90 በመቶ ያህል ብርሃን ያሳልፋል፥ በእርጅናም አይደክምም፤ ክብደቱ ግን በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ግራም ነው። ባለ 3 ሚሊ ሜትሩን አውልቆ ባለ 4 መግጠም በ28 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 70 ኪሎ ግራም ይጨምራል፤ ያም አንድ ሰው ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ እንደ መኖር ነው። የእኛ አሳብ፥ ለጣሪያው ፖሊካርቦኔት፥ ለፊት ለፊቱ ገጽ መስተዋት ቢሆን ውበቱም ይጠበቃል፥ የክረምቱም በረዶ አያሰጋም የሚል ነው። ጣሪያውን በመስተዋት ማቆየት የሚወድ ሰው ከበላዩ በአንድ ስንዝር ከፍታ ቀጭን የሽቦ መረብ ይወጥርበት።

መስተዋቱ ሲቆረጥ ከማረፊያው ስፋት በ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሁን፤ ብረት በቀትር ሲሞቅ ይንቀሳቀሳልና ጠብቆ የገባ መስተዋት ይሰነጠቃል። ከላይና ከታች ያሉት መስተዋቶች የሚደራረቡበት ልክ አንድ ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ የበለጠ እንደ ሆነ በመካከሉ ሽበትና ጭቃ ይሰበሰባል፥ ማጽዳትም አይቻልም። የጥንቱ ስቱኮ የጠመኔ ዱቄትና የተፈላ የተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሠራ ነው፤ ተልባ የአገራችን ዘር እንደ መሆኑ ይህን ሞያ ብናውቀው ያስደስተናል። ስቱኮው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቆዳ ሲያወጣ ይቀባል፤ ቀለሙም በመስተዋቱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያልፍ ውኃ እንዳይሰርግ ይዘጋል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል፥ ወይ ተዘርግቶ ይድረቅ፥ ወይ ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ።

ጥላን በተመለከተ ደጋችን ራሱ የሚያግዘን ዘዴ አለ። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ቀጭን የኖራ ወይም የጠመኔ ውኃ በጣሪያው መስተዋት ላይ ከውጭ በኩል ይረጫል። ብርሃኑን ያለዝበዋል እንጂ አያጨልመውም። የበልግ ዝናብ ጥቂቱን ያነሣዋል፥ ያን ጊዜ ፀሐይዋ ገና ብርቱ ስለሆነች አንድ ጊዜ መድገም ነው፤ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ደመናው ብርሃን ሲያሳንስብን የቀረውን አጥቦ ይወስደዋል። በክረምቱ መግቢያ ቅሬታውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ይገባል፥ ኖራ ብዙ ከቆየ መስተዋቱን ያደበዝዛልና። ለፖሊካርቦኔት ግን በኖራ ፈንታ የጥላ መረብ መዘርጋት ይሻላል። የሚረጨው ሰው ዐይኑን በመነጽር ይሸፍን።

የጣሪያው ውኃ በአሸንዳ ሲሰበሰብ ምን ያህል እንደሚሆን ያሰበ ጥቂት ነው። 24 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 24 ሊትር ነው፤ እንግዲህ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ዝናብ አንዱን የ200 ሊትር በርሜል ይሞላል። ኖራውን የሚያጥበው የመጀመሪያ ዝናብ ግን ወደ በርሜሉ እንዳይገባ የአሸንዳውን አፍ ወደ ውጭ ማዞር ነው። ከተሞሉት በርሜሎች ሦስት ወይም አራቱን ጥቁር ቀለም ቀብቶ በቤቱ ውስጥ ማቆም ለሌሊቱ ብርድ መድኀኒት ይሆናል። አንዱ በርሜል ቀን ሞቆ ሌሊት 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት፥ ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጥቂት በሚያንስ ጊዜ፥ ማለትም ለሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል የሚሰጠውን ያህላል። ክዳኑ በጥብቅ የሚዘጋ ይሁን፤ ትንኝ እንዳይራባበት፥ ይልቁንም ሕፃን እንዳይወድቅበት።

ቤቱ ከታደሰ በኋላ ውኃ ማጠጣት በማለዳ ብቻ ይሁን፤ ማታ የረጠበ ቅጠል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲያድር ሻጋታ ያበቅላል። በበጋ ቤቱን ለጽጌረዳና በምንቸት ላለ ብርቱካንና ሎሚ መስጠት ነው፤ ምንቸቶቹ በኅዳር ሌሊት ከመስተዋቱ ራቅ ብለው ወደ በርሜሎቹ ይጠጉ። ነገር ግን የዚህ ቤት ትልቁ ጥቅም በክረምት ነው ብንል ብዙዎች ይገረሙ ይሆናል። በውጭ የተተከለ ቲማቲም በሐምሌ ዝናብ ቅጠሉ ሳይደርቅ ስለሚውልና ስለሚያድር በዋግ ይጠፋል፤ በጣሪያ ሥር ያለው ግን ሥሩ እየጠጣ ቅጠሉ ደረቅ ሆኖ ይኖራል። መስኮቶቹ በዝናብም ቢሆን ጥቂት ተከፍተው ይዋሉ። ዘሩ በመጋቢት መጨረሻ በሣጥን ተዘርቶ፥ ችግኙ በግንቦት መጀመሪያ ቢተከልና በእንጨት እየተደገፈ ቢታሰር፥ ለፍልሰታ ጾም እመቤቲቱ ከገበያ ሳይሆን ከጓሮዋ የቀላ ቲማቲም ታስለቅማለች።